«ቪዛ ወጣላት» ከተባለ በኋላ

በቦንጋም ሆነ በጊምቦ፣ በጨናም ሆነ በዴቻ አንዲት ልጅ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ስትነሳ ሰፈሩ የሚጠብቀው አንድ ወሬ አለ፤ «ቪዛ ወጣላት!» የሚል። ወሬው ሲሰማ ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ገንዘብ ያበደረው ጎረቤት ትንፋሹ ይመለሳል። እናት ደግሞ ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። የወጣው ቪዛ ምን ዓይነት ነው? የስንት ቀን ነው? በማን ስም ነው የወጣው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ነርስ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ነገር ግን ከአገር የሚወጣ ሰው ሁሉ በጤና ባለሙያ እጅ ያልፋል። ደም ይሰጣል፣ ራጅ ይነሳል፣ ይከተባል። ታሞ ሲመለስም መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ወረቀቱን ይዞ ይመጣና «ሲስተር፣ እስቲ ይህን አንብቢልኝ» ይላል። የውጭ አገር ወረቀት ማንበብ የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ቪዛ ማለት ወደ አንድ አገር ለመግባት የሚሰጥ ፈቃድ ነው፣ ሌላ አይደለም። ገብቶ መኖር ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መሥራትም እንዲሁ። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃዱ «ኢቃማ» ይባላል። በሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር የነዋሪ መታወቂያ ይሰጣል። በሳዑዲ ደንብ አሠሪው ሠራተኛዋ አገሩ በገባች በ90 ቀን ውስጥ ኢቃማ ሊያወጣላት ይገባል፤ ክፍያውም የእርሱ ነው። ኢቃማ የሌላት ልጅ በስሟ የባንክ ሒሳብ መክፈት ወይም በሕጋዊ መንገድ ገንዘብ መላክ አትችልም። ሐኪም ቤት መሄድም ያስፈራታል። ስለዚህ ልጃችሁ ከሄደች ሦስት ወር ሲሞላት በስልክ መጀመሪያ የምትጠይቋት «ደመወዝ ተከፈለሽ ወይ?» ብላችሁ ብቻ ሳይሆን «ኢቃማሽ ወጣልሽ ወይ? ፎቶውን ላኪልን» ብላችሁም ይሁን።

ደላላ የሚያመጣው ቪዛ ሁሉ የሥራ ቪዛ አይደለም። ብዙ ጊዜ የጉብኝት ቪዛ ነው። ዱባይን እንውሰድ። የጉብኝት ቪዛው የ30 ወይም የ60 ቀን ነው። በዚህ ቪዛ ገብቶ ሥራ መያዝ በሕግ ክልክል ነው። ቀኑ ካለፈ ደግሞ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል። መቶ ቀን ያሳለፈች ልጅ 5,000 ድርሃም ዕዳ አለባት ማለት ነው፤ ለቤት ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ወደ ሳዑዲ በዑምራ ቪዛ ሄደው እዚያው የሚቀሩም አሉ። የዑምራ ቪዛ ለጸሎት የተሰጠ ነው፤ ቀኑ ሲያልቅ ባለቤቱ በሕግ ፊት ጥፋተኛ ነው። «ፍሪ ቪዛ» የሚባለው ደግሞ ከነጭራሹ በሕግ የሌለ ነገር ነው። አንድ የአገሩ ሰው በስሙ የሠራተኛ ቪዛ አውጥቶ ይሸጥላታል፤ እርሷ ሌላ ቦታ ትሠራለች። ፖሊስ ከያዛት ከአሠሪዋ ውጪ ስትሠራ የተገኘች ተብላ ትባረራለች። ቪዛውን የሸጠላት ሰው ስልኩን ይዘጋል።

ከፊል

እንግዲህ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ የውጭ ሠራተኛ በአገሩ የሚቆየው በአንድ ሰው ዋስትና ነው። ልጆቻችን ይህን ሰው «ከፊል» ይሉታል፤ ሥርዓቱ ደግሞ ከፋላ ይባላል። የመኖሪያ ፈቃዷ የታሰረው ከሥራዋ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚህ ሰው ጋር ነው። እርሱ ፈቃዱን ካላሳደሰ ሕገወጥ የምትሆነው እርሷ ናት። ከቤቱ ወጥታ ከሄደች «ጠፋችብኝ» ብሎ ያስመዘግባል፤ ሳዑዲ ያሉት ይህን «ሁሩብ» ይሉታል። ያ ምዝገባ ከገባ በኋላ ተደብድባ ትውጣ፣ ደመወዝ ተከልክላ ትውጣ ማንም ሳይጠይቅ ተፈላጊ ትሆናለች። ደግሞ ከሳዑዲ ለመውጣትም ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለቤት ሠራተኛ የሚጠይቅላት ከፊሉ ነው። አንዲት እናት ይህን ስነግራቸው «እንዴ! ለመውጣትም ቪዛ?» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አልተሳሳቱም፤ ያስደነግጣል።

ለውጥ የለም ማለቴ አይደለም። ኳታር ለቤት ሠራተኞች የመውጫ ፈቃድን በጥር 2012 ዓ.ም አስቀርታለች፤ ሠራተኛዋ ከ72 ሰዓት በፊት ለአሠሪዋ ማሳወቅ ነው የሚጠበቅባት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ያለ አሠሪ ይሁንታ ሥራ መቀየር እንዲቻል ሕግ አወጣች። ከመጋቢት 2013 ዓ.ም ጀምሮም ዝቅተኛ ደመወዝ 1,000 የኳታር ሪያል ሆኗል፤ የቤት ሠራተኛንም ይጨምራል። ሳዑዲ በ2013 ዓ.ም ያደረገችው የሥራ ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ኩዌት በ2007 ዓ.ም ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ የሥራ ሰዓት ከ12 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር፣ ላገለገለችበት ዓመት ሁሉ የአንድ ወር ደመወዝ ሲያልቅ እንዲከፈላት ደንግጋለች። ሊባኖስ ውስጥ ደግሞ የቤት ሠራተኛ ከ1939 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ካለው የሠራተኛ ሕግ በግልጽ ውጪ ናት። በሰኔ 2012 ዓ.ም የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ኮሮና ሲመጣ አሠሪዎች የእኛን ልጆች በመኪና አምጥተው ቤይሩት ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው የሄዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ሻንጣቸውን ተደግፈው አስፋልት ላይ ሲያድሩ በቴሌቪዥን አይተናቸዋል።

ስለዚህ «ዓረብ አገር» እያልን በአንድ ቃል የምንጠራው ብዙ አገር ነው፤ ሕጉም አንድ አይደለም። ልጅቷ የምትሄድበትን አገር ስም ለይቶ መጠየቅ የመጀመሪያው ነገር ነው። አንድ አባት «የት ሄደች?» ስላቸው «ዓረብ» ብቻ ብለው የመለሱልኝ ብዙ ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን በሁሉም አገር ይመሳሰላል። ፓስፖርቷን አሠሪው ነጥቆ መያዝ በሳዑዲም፣ በኩዌትም፣ በኤምሬቶችም፣ በኳታርም በሕግ የተከለከለ ነው። በተግባር ግን የአብዛኛዎቹ ፓስፖርት በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ሕጉን ጠቅሳ እንድትጨቃጨቅ አልመክራትም፤ ቤቱ የእነርሱ ነው። ቅጂው ቀድሞ ቦንጋ መቅረት አለበት፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ይህን ስጽፍ የአገራችን የድሮ ታሪክ ይታወሰኛል። በአያቶቻችን ዘመን ከካፋ ተይዘው በጅማ ገበያ አልፈው እስከ ቀይ ባሕር ማዶ የተሸጡ ሰዎች ነበሩ። ሳዑዲ ዓረቢያ ባርነትን በአዋጅ የሻረችው በ1955 ዓ.ም ነው፤ ሩቅ አይደለም፣ በእኔ ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል። የዛሬዋ ልጅ በፈቃዷ ፈርማ የምትሄድ ናትና ሁለቱን አንድ ነው አልልም። ግን የምትፈርመውን ሳታነብ መሄዷ ከድሮውም ዘመን የባሰ ያበሳጫል።

የእኛ አገር ሕግ ምን ይላል

በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ። ትንሽ ቀደም ብሎ በጥቅምት 2006 መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አግዶ ነበር። እገዳው እስከ ጥር 2010 ድረስ ቆየ። በእነዚያ አራት ዓመታት ልጆቻችን መሄድ አቆሙ? አላቆሙም፤ በደላላ ሄዱ እንጂ። እገዳ መንገዱን ዘጋ እንጂ ፍላጎቱን አልዘጋም።

በመካከሉ በ2008 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ በ2013 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሻለ። ለቤተሰብ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ወጪን የሚመለከተው ክፍል ነው፤ ደላላ የሚበላን እዚያ ላይ ነውና። በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ዋስትና ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት የምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ ለመሆኗ ማረጋገጫ፣ ለሙያ ብቃት ምዘና እና ለመሳሰሉት ነው። እንግዲህ «ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል ሺህ አምጡ» የሚል ሰው ሲመጣ ወይ አሠሪው የከፈለውን ደግሞ ሊበላ ነው፣ ወይም ቪዛው የሥራ ቪዛ አይደለም። ሦስተኛ ምክንያት እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሕጋዊው መንገድ የሚጀምረው ከወረዳው ነው። ልጅቷ በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በኩል በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ትመዘገባለች፣ ሠልጥና ትመዘናለች፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ውል ይመጣላታል፣ ውሉም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይጸድቃል። አገራችን የሥራ ስምምነት ካላቸው አገሮች መካከል ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኳታር፣ ዮርዳኖስና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ይገኛሉ። ስምምነት ወደሌለበት አገር «በኤጀንሲ ነው የምልካት» የሚል ሰው ካለ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ተገቢ ነው። አዲሱ ክልላችን፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በ2014 ዓ.ም ሲመሠረት ቦንጋ የመንግሥት መቀመጫ ሆናለችና ለመጠየቅ እንደ ድሮው ሐዋሳ ድረስ መሄድ ቀርቷል።

ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ ያሰለቻልም። ቢሮው ሄዳ «ኔትወርክ የለም» ተብላ የተመለሰች ልጅ ደላላ ጋር ብትሄድ አይደንቀኝም። ነገር ግን የደላላው መንገድ በጅቡቲ አድርጎ በየመን የሚያልፈው ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም መጨረሻ የመን አብያን አጠገብ ጀልባ ተገልብጦ ከ60 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተነግሯል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱት ወንዶች ልጆችም ጉዳይ ከዚህ አይለይም፤ በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነግሯል። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀል በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት ያስከትላል። ደላላው ግን ብዙ ጊዜ የአክስት ልጅ ወይም የክርስትና ልጅ ስለሆነ ማን ይከሰዋል?

ስምና ዕድሜ ላይም ጥቂት ልበል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆች ዕድሜ የሚታወቀው «የቡናው በረዶ የመታ ዓመት» እየተባለ ነው። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ የ21 ተብላ መታወቂያ ይወጣላታል። ሕጋችን ከ18 በታች አይፈቅድም፤ የኩዌት ሕግ ደግሞ ለቤት ሠራተኛ 21 ይጠይቃል። ዕድሜዋ የተጨመረላት ልጅ እዚያ ስትደርስ ሕጻን ሆና ሳለ የሚጠብቃት የሕጻን ሕግ የለም፤ በወረቀት አዋቂ ናትና። ስም መቀየር ደግሞ የባሰ ነው። ደላላው «እንዲህ ከተባልሽ ቶሎ ይወጣልሻል» እያለ ያጠመቃት ቄስ የማያውቀውን ስም ፓስፖርቷ ላይ ያስጽፋል። ሁለት ዓመት ድምጿ ሲጠፋ እናት አዲስ አበባ ድረስ ወጥታ ታመለክታለች፤ በሰጠችው ስም ግን ከአገር የወጣ ሰው የለም። የራስዋን ልጅ ስም የማታውቅ እናት ሆና ቆመች ማለት ነው። ይህን ያየሁት በአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ሜዲካል

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚመጣ ሰው እነርሱ ፈቃድ በሰጧቸው ጤና ተቋማት እንዲመረመር ይጠይቃሉ። የቦንጋ ውጤት ለእነርሱ አያገለግልም። የሚመረመረው በዋናነት ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝ፣ የሳንባ ነቀርሳ በደረት ራጅ፣ እርግዝና እና ሌሎችም ናቸው። ከእነዚህ በአንዱ የተገኘች «ሜዲካል ወደቀች» ትባላለች። እዚህ አልፋ የሄደችም እዚያ ስትደርስ ለመኖሪያ ፈቃዱ እንደገና ትመረመራለች፤ ያን ጊዜ ከወደቀች በመጣችበት ትመለሳለች።

እዚህ ላይ የሚያቃጥለኝ ነገር አለ። ቤተሰብ የቡና ማሳ ያስይዛል፣ ከእቁብ ይበደራል፣ ገና ያልተለቀመ ቡና በርካሽ ይሸጣል፣ ልጅቷ አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ደላላ ቤት አንድ ወር ትቀመጣለች፣ ከዚያ ትመረመራለች፣ ትወድቃለች። ብሩ አይመለስም። ለምን ምርመራው መጨረሻ ይሆናል? መጀመሪያ እዚሁ ቦንጋ፣ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ወይም ምርመራው ባለበት ሌላ ተቋም መመርመር ይቻላል። በመንግሥት ጤና ተቋም የኤችአይቪ ምርመራ በነጻ ነው፤ የቲቢ ሕክምናም በነጻ ነው። የጉበት ቫይረስ ምርመራ ዋጋው ከአንድ የአዲስ አበባ ጉዞ ያንሳል። ውጤቱ ለኤጀንሲው ባያገለግልም ማሳውን ከመሸጥ ያድናል።

ብዙዎቹን የሚጥለው የጉበት ቫይረስ ቢ ነው። ክትባቱ በአገራችን የሕጻናት መርሐ ግብር ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱት አልተከተቡም። ልጅቷ ምንም ሳያማት «ጉበት አለብሽ» ስትባል ነገ የምትሞት ይመስላታል። ቤተሰቡም ብርጭቆ ይለይባታል። በብርጭቆ፣ በመተቃቀፍ፣ አብሮ ቆጮ በመብላት አይተላለፍም። በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ነው የሚተላለፈው። ብዙ ሰው ሳይታመምበት ዕድሜውን ይኖራል፤ ሆኖም ክትትል ያስፈልገዋል። እህትና ወንድሞቿም ይመርመሩ፤ ነጻ የሆኑት ይከተቡ። ጉዞው ቀርቶ ይህ መታወቁ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ቲቢ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሕክምናው 6 ወር ነው፤ ይድናል። ነገር ግን በሳንባ ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ የባሕረ ሰላጤው ምርመራ የዳነውንም ጠባሳ አይቶ ይጥላል። ከዓመታት በፊት ቲቢ ታክማ የዳነች ልጅ ካለች ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ራጅ ትነሳ። ንጹሕ ከሆነ መልካም፤ ጠባሳ ካለ ደላላው «እኔ አስተካክለዋለሁ» ቢል አትመኑት። ራጁን ቢያስተካክል እንኳ እዚያ ያለውን ራጅ አያስተካክልም።

ስለ መርፌውም እንነጋገር፤ በቤተሰብ ዓምድ ላይ መጻፉ ቢከብድም። ከመሄዷ በፊት የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ የምትወጋ ልጅ ብዙ ናት። ለምን እንደምትወጋ እርሷም ታውቃለች፣ የምትወጋትም ነርስ ታውቃለች፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ዝምታው ግን ሌላ ጉዳት ያመጣል። መርፌው በአንዳንዶቹ ላይ የወር አበባን ያቆማል። ይህ የታወቀ ነገር ነው፣ በሽታ አይደለም። ካልተነገራት ግን ትደነግጣለች፤ ማዳሟም እርጉዝ ናት ብላ ትጠረጥራለች። ስለዚህ ነርሶች እህቶቼ፣ ስትወጉ ይህን ተናገሩ። መርፌው ሦስት ወር ብቻ እንደሚሠራ፣ የሁለት ዓመት ውል እንደማይሸፍን፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ግን ለዓመታት እንደሚያገለግልም ንገሯት። ለእናቶችም አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጅቷ እዚያ ከወለደች ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አባቱ ይታወቅ አይታወቅ። ኤምባሲ ወረቀት ሊያወጣለት ይችላል። «ልጁ አገር የለውም» ብሎ የሚያስፈራራት ካለ ውሸት ነው።

ሻንጣዋ ውስጥ ደግሞ ትራማዶል፣ ኮዴይንና ዳያዜፓም የመሳሰሉ መድኃኒቶች እንዳይገቡ። እዚያ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ያሳስራል። ጫት በሳዑዲ ዕፅ ነው፤ አንድ እሽግ አደራ የተቀበለች ልጅ ዓመታት ልትታሰር ትችላለች። የሰው አደራ አትቀበል። ስም ያልተጻፈበት የባሕል መድኃኒት ዱቄትም ይቅር። ቡናና ኮረሪማ ይበቃል።

ልጠይቃት ብሄድስ?

አንዳንድ ወላጅ፣ በተለይ ባል፣ «ሄጄ ልያት፣ ወይ ልጆቹን ልውሰድላት» ይላል። የቤት ሠራተኛ ቤተሰብ ማስመጣት አትችልም ብሎ መቁረጡ ይሻላል። ኤምሬቶች ውስጥ ቤተሰቡን ለማስመጣት የሚፈልግ ሰው በትንሹ በወር 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ድርሃምና መኖሪያ ቤት ማግኘት አለበት። ሳዑዲ ውስጥ ሌላ ሥራ ኖሮት ቤተሰቡን ያስመጣ የውጭ ሰው ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተከታይ በወር 400 ሪያል ይከፍላል። ሚስትና ሁለት ልጅ ያለው በዓመት 14,400 ሪያል ነው። በዚህ ምክንያት ቤተሰቡን መልሶ አገር ቤት የሰደደ ብዙ ነው።

አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ልጆች ደግሞ እናታቸውን ለአራስ ጥየቃ ይጠራሉ። እዚህም ቪዛና መኖሪያ አይምታታ። የሸንገን ቪዛ በማንኛውም የ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 በኢትዮጵያውያን ላይ ደንብ አጥብቋል፤ ማመልከቻ በ15 ቀን የሚታየው የነበረው 45 ቀን ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ስለዚህ ልጅ ሊወለድ ወር ሲቀረው ማመልከት አይበቃም። ለሸንገን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ግዴታ ነው። አሜሪካ ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያበቃበት ቀንና እዚያ መቆየት የሚፈቀድበት ቀን የተለያዩ ናቸው፤ የቆይታውን ቀን የሚወስነው አየር ማረፊያ ላይ ያለው ሠራተኛ ነው። ግፊትና ስኳር ያለባቸው እናቶች መድኃኒታቸውን በዋናው ማሸጊያው፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር፣ በእጅ ቦርሳ ይያዙ። እዚያ ሄዶ መግዛት ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል።

ወደ ልጆቻችን ልመለስና ወረቀቱን ልጨርስ። ከቤት ከመውጣቷ በፊት አንድ ደብተር ይገዛና የሚከተለው ይጻፍበት፣ ቅጂውም በውስጡ ይቀመጥ። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም፣ እንደተጻፈው፣ ከነቁጥሩ። የቪዛው ቅጂ፣ በላዩ ያለው የከፊሉ ስምና ቁጥር ጭምር። የጸደቀው ውል ቅጂ። ውሉ በዓረብኛ ብቻ ከሆነ በአማርኛ የተተረጎመው ይጠየቅ፤ ልጅቷ አማርኛ ካልጠነከረች በካፊኖኖ አንድ ሰው ይንገራት፤ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ዘመኑ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ የመመለሻ ትኬት የማን እንደሆነ ራሷ ደግማ እስክትናገር ድረስ። የኤጀንሲው ስምና የፈቃድ ቁጥር፣ እዚያ ያለው «መክተብ» የሚሉት የኤጀንሲው ቢሮ ስልክም። ሪያድ ኤምባሲ፣ ጅዳና ዱባይ ቆንስላ አለን፤ የምትሄድበት አገር ኤምባሲ ስልክ በደብተሩ፣ በስልኳና በአእምሮዋ፤ ስልክ ይቀማልና። ኢቃማው ሲወጣ ፎቶው ይጨመር፤ የሚያልቅበት ቀንም ይጻፍ። ስትመለስ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ማኅተም ይኑራት። ከተባረረች አሻራዋ ተይዟልና በሌላ ስም ፓስፖርት አውጥታ ብትመለስ መጀመሪያ የሚያጋልጣት ጣቷ ነው።

ደብተሩን እናት ብቻ ሳትሆን ማንበብ የሚችል ሌላ የቤት ልጅም የት እንደተቀመጠ ይወቅ። የእኛ አገር ዝናብ የሚያውቁት ነው፤ በፌስታል ተጠቅልሎ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።